ጉሙ ለምን ይተኛል፣ ደመናው ለምን ይቆማል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ሲና ነው። ጠያቂው የፊዚክስ መምህር ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ጠዋት ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ቆላው በጉም ተሞልቷል። ጉሙ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ባሕር ተኝቷል። ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ደመናው እንደ ግንብ ይቆማል፤ ነጎድጓድ ይከተላል። ተማሪዎቼ ‹አየሩ ያው አየር አይደል ወይ?› ይሉኛል። ደግሞ የተማርኩበት መጽሐፍ የአየሩ ንብርብር ሲጠነክር የአየር ሁኔታ መናወጥ እድገቱ ይዳከማል ይላል። አየሩ ሁልጊዜ የተነባበረ ከሆነ ታዲያ ይሄ ሁሉ ዝናብና ማዕበል ከየት ያድጋል?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ደመና ነው። ሌላው ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ስለሚሸፍን ትልቅ መናወጥ ነው። ንብርብር ማለት ቀላሉ አየር በከባዱ ላይ ተደርቦ መቀመጡ ነው፤ ጠነከረ የምንለው ወደ ላይ የተገፋውን አየር አጥብቆ ወደ ቦታው ሲመልስ ነው። ንብርብሩ ሁለቱንም ይገዛል፤ አገዛዙ ግን ይለያያል። ትንሹን ጭራሽ ሊያስቆመው ይችላል። ትልቁን ግን ዝም ብሎ አያስቆመውም፤ ፍጥነቱንና ስፋቱን ይወስንለታል። መጽሐፍዎ አልተሳሳተም። የትኛውን መናወጥ እያወራ እንደሆነ ካልተለየ ግን ግራ ያጋባል።

ከጭስ ልጀምር።

በኅዳር ወር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ዳር ካለ ጉብታ ላይ ይቁሙ። ሰፈሩ እሳት ያያይዛል። የኩበቱ ጭስ ከየጣሪያው ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ባሕር ዛፉ አናት ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወደ ጎን ይዘረጋል። የአንዱ ቤት ጭስ ከጎረቤቱ ጭስ ጋር ይገናኝና ሰፈሩ ላይ ስስ ነጠላ የተዘረጋበት ይመስላል። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነጠላው ይበጣጠሳል። ጭሱም መንገዱ ተከፍቶለት ወደ ላይ ይሄዳል።

ምን ሆነ? ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላደረ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ሲለቅ አደረ። መሬቱን የነካው አየር ከሁሉም በላይ ቀዘቀዘ። ከእሱ በላይ ያለው አንጻራዊ ሙቀቱን እንደያዘ ቆየ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፤ ቀለል ያለው ሞቃት አየር ደግሞ ከላይ ይደረባል። ጭሱ ከምድጃ ሲወጣ ከአካባቢው ይሞቅ ነበር። እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። በዙሪያው ያለው አየር ግን ከፍ በተባለ ቁጥር ይሞቃል። ሁለቱ እኩል የሆኑበት ቦታ ላይ ጉዞው ያበቃል። እኛ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎቹ ይህን ኢንቨርዥን እንለዋለን፤ ሙቀቱ ተገልብጦ ከታች ሳይሆን ከላይ የሚገኝበት ንብርብር ማለት ነው። የእርስዎም የጉም ባሕር ይኸው ነው። ቀዝቃዛው አየር ሌሊቱን ከተዳፋቱ እየተንሸራተተ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሞቃቱ ንብርብር ከላይ ይጫነዋል። ጠፍጣፋ የሆነው ክዳን ስላለበት ነው።

እንግዲህ የደመናን ዕድል ለማወቅ መሬቱ ስንት ዲግሪ ሞቀ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ በምን ያህል ይቀንሳል? ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ላይ የሚወጣ አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል። ለመስፋት ጉልበት ያስፈልገዋል። ጉልበቱን ከራሱ ሙቀት ይከፍላል። ስለዚህ ደረቅ እስከሆነ ድረስ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 9.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ይህ ቁጥር የትም ቦታ ያው ነው ማለት ይቻላል። እንፋሎቱ ወደ ጠብታ መለወጥ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። እንፋሎት ሲሆን የደበቀውን ሙቀት አሁን ይመልሳል። ስለዚህ ደመና የሆነ አየር በሞቃታማው የታችኛው ክፍል በኪሎ ሜትር ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው። በዙሪያው ያለው የቆመ አየር ደግሞ በዓለም አማካይ በኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል።

ሦስቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው። ደረቅ አየር በኪሎ ሜትር 9.8 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ቢወጣ፣ በ6.5 ብቻ ከሚቀንሰው ዙሪያው ይልቅ ቶሎ ቀዝቅዞ ይከብዳል። ተመልሶ ይወርዳል። ደመና የሆነው ግን በ5 ብቻ ስለሚቀዘቅዝ ከዙሪያው ይሞቃል፤ መውጣቱን ይቀጥላል። ያው አንድ ሰማይ ለደረቁ አየር ዝግ፣ ለርጥቡ ክፍት ሊሆን ይችላል። «አየሩ ያው አየር አይደል ወይ» ላሉት ተማሪዎች የምመልሰው ይህንን ነው።

አሁን በራስዎ መንገድ ላይ እናስላው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ሲና ወደ 2,700፣ የጣርማበር አፋፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው እንበል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ (አየሩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጠብታ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) 18 ዲግሪ ይሁን። ደመና የሚጀምርበትን ከፍታ ለመገመት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የሁለቱን ልዩነት በ125 ሜትር ማባዛት። 12 በ125 ሲባዛ 1,500 ሜትር። ስለዚህ አየሩ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ 2,800 ሜትር ላይ ሲደርስ ደመና መሆን ይጀምራል። ይህ ከደብረ ሲና ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከከተማዎ በላይ ያለው ገደል ወገብ ላይ ሲለጠፍ ያዩት ይሆናል፤ ልኩ ይኸው ነው።

እዚያ ሲደርስ ወደ 15 ዲግሪ ተኩል ሆኗል። ከዚያ እስከ ጣርማበር ያለውን 400 ሜትር እንደ ደመና ሲወጣ የሚያጣው 2 ዲግሪ አይሞላም። ስለዚህ አፋፉ ላይ 13 ዲግሪ ተኩል ሆኖ ይደርሳል። እዚህ ጋ ነው ፍርዱ ያለው። በዚያ ከፍታ በዙሪያው ያለው አየር 12 ዲግሪ ከሆነ የእኛው አየር ይሞቃል፤ ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ይተኮሳል፤ የግንቡ ደመና ተወለደ። በዙሪያው ያለው 15 ዲግሪ ከሆነ ግን ደመናው ይሰንፋል፣ ገደሉን ታክኮ ይቀራል፣ ማታ ላይ ይበተናል። ልዩነቱ 3 ዲግሪ ናት። የሸዋ ሮቢት ሙቀትና እርጥበት በሁለቱም ቀን ያው ነው።

ይህን በራሴ ስህተት ነው በደንብ የተማርኩት። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት፣ አንድ የካቲት ላይ፣ የመንዝ ገበሬ የበልግ ገብሱን ለመዝራት ሰማይ ሰማይ ያያል። አራት ቀን ተከታታይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከምሥራቅ በኩል ተቆለለ። እርጥበቱ ነበር፤ ሙቀቱም ነበር። እኔም ይዘንባል አልኩ። አልዘነበም። አፋፉ ላይ ከጠየቅኋቸው አባቶች አንዱ ደመናው እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ነው የተመለሰው አሉኝ። በኋላ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት እየለካ ወደ ላይ የሚወጣውን የባሉን መረጃ አውጥቼ ሳይ ከደመናው አናት በላይ ሞቃትና ደረቅ የሆነ ስስ ንብርብር ነበር። ክዳን ማለት እሱ ነው። በአምስተኛው ቀን ከላይ ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ክዳኑ ተነሣ። ለአራት ቀን የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ከሰዓት በበረዶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ትንበያ ስሠራ መጀመሪያ የማየው ክዳኑን ነው።

መምህር፣ መጽሐፍዎ የዘለለው ይህንን ይመስለኛል። ክዳን ደመናን መከልከል ብቻ አይደለም ሥራው። ከታች ያለው ሙቀትና እርጥበት በትንንሽ ደመና ሾልኮ እንዳያልቅ ያጠራቅማል። ድስት ላይ ክዳን ጥለው ሽሮ ሲያንተከትኩ ያለውን ያስቡ። ክዳን የሌለበት ቀን ጠዋቱን ትንንሽ ካፊያ እየጣለ ይውላል። ክዳን ያለበት ቀን ወይ ምንም አይሆንም፣ ወይ ሲከፈት ኃይለኛ ይሆናል። ከባድ በረዶና ድንገተኛ ጎርፍ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው።

በጨረፍታ አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት የጉሙን ባሕር ሲያዩ ጠርዙን ልብ ይበሉ። ተራራውን ሲነካ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ከፍ ይላል። የረጋ ንብርብር ሲገፉት እንደ ሽቦ ጥምዝ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ፍጥነት የንብርብሩ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ በዌልሳዊው ዴቪድ ብራንትና በፊንላንዳዊው ቪልሆ ቫይሳላ ስም ይጠራል። በተለመደው ሰማይ አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እንደ ጠዋቱ ባለ ጠንካራ ኢንቨርዥን ውስጥ ከ5 ደቂቃም ሊያንስ ይችላል። ሰዓት ይዘው ከተማሪዎችዎ ጋር ቢቆጥሩት ደስ ይላል።

ወደ ትልቁ መናወጥ ልሂድ።

ጣርማበርን በመኪና ሲወጡ መንገዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ገደሉን በሰያፍ እየቆረጠ፣ እየተጠማዘዘ ነው አፋፉ ላይ የሚያደርስዎ። ቀጥ ብሎ ቢሄድ የሚወጣው መኪና አይኖርም። የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን ማዕበል የሚያሳድገው ጉዞም እንደዚሁ ሰያፍ ነው። እዚያ ሞቃቱ አየር ወደ ምድር ወገብ በኩል፣ ቀዝቃዛው ወደ ዋልታ በኩል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ንብርብሮቹ ፍጹም አግድም አይደሉም፤ ወደ ዋልታው ሽቅብ ያዘነበሉ ናቸው። ሞቃቱ አየር ቀጥ ብዬ ልውጣ ቢል ንብርብሩ ይመልሰዋል። ወደ ዋልታው እየተጓዘ፣ ከንብርብሩ ተዳፋት በለዘበ ሰያፍ ከወጣ ግን የሚደርስበት ቦታ ከእሱ ይቀዘቅዛል፤ ቀሎ ይገኛል። ቀዝቃዛውም በተቃራኒው አቅጣጫ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሞቃቱ ወጣ፣ ቀዝቃዛው ወረደ። በመካከል የተለቀቀው ጉልበት ነፋስና ማዕበል ይሆናል። እንግዲህ የረጋ ሰማይ ውስጥም መናወጥ ያድጋል፤ መንገዱ ሰያፍ ሲሆን ነው።

ይህን በሒሳብ ያሳዩት አሜሪካዊው ጁል ቻርኒ በ1947፣ እንግሊዛዊው ኤሪክ ኢዲ ደግሞ በ1949 ናቸው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የኢዲ ውጤት ለክፍልዎ የሚስማማ ይመስለኛል፤ አጭር ነው። የእድገቱን ፍጥነት ለማግኘት የምድርን መሽከርከር ውጤት ነፋሱ ከፍታ ሲጨምር በሚለዋወጥበት መጠን ያባዙ፣ ለንብርብሩ ጥንካሬ ያካፍሉ፣ ከዚያ በ0.31 ያባዙት። ንብርብሩ ከታች፣ በአካፋይነት ነው የተቀመጠው። ሲጠነክር እድገቱ ይዘገያል። መጽሐፍዎ ያለው ይህንን ነው።

በ45 ዲግሪ ኬክሮስ፣ ነፋሱ በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ውስጥ በሰከንድ 30 ሜትር የሚጨምር ከሆነና ንብርብሩ መካከለኛ ከሆነ፣ መናወጡ በ30 ሰዓት ገደማ 2.7 እጥፍ ይሆናል። የንብርብሩን ጥንካሬ እጥፍ ያድርጉት፤ ለዚያው እድገት 60 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስፋቱም አብሮ ይለወጣል። በመጀመሪያው ሁኔታ በጣም ፈጥኖ የሚያድገው ሞገድ ከአናት እስከ አናት 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንብርብሩ እጥፍ ሲጠነክር ወደ 8,000 ይሄዳል። ጠንካራ ንብርብር ትልቅና ዝግተኛ መናወጥ ይመርጣል፤ ደካማው ትንሽና ፈጣን።

እርጥበት ሲገባበት ደግሞ ሌላ ነው። ቅድም እንዳየነው ደመና የሆነ አየር ሲወጣ ብዙም አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ንብርብሩ ለእሱ የላላ ያህል ነው። ብዙ ዝናብ የያዙ ማዕበሎች ከደረቆቹ ፈጥነው የሚጠነክሩትና ጠበብ የሚሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰሜን ሸዋ ላይ እንዲህ ያለው ማዕበል ለምን አይወለድም? ደብረ ብርሃን 9.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በዚህ ኬክሮስ የምድር መሽከርከር በአየሩ ላይ ያለው ውጤት በ45 ዲግሪ ካለው ሩብ ብቻ ነው። ነፋሱም ንብርብሩም ያው ቢሆን እንኳ የ30 ሰዓቱ እድገት ወደ 5 ቀን ይረዝማል። ሞገዱ ደግሞ 16,000 ኪሎ ሜትር ካልሆነ አይመቸውም። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ መምህር፣ ለአንድ ሞገድ ይህን ያህል ቦታ ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ በእኛ በኩል ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር ጎን ለጎን ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ ለእኛ ዋናው እድገት ቀጥ ብሎ የሚወጣው ነው፤ የጭሱና የክዳኑ ታሪክ።

ይሁንና ከሩቅ የሚመጣ አለ። በልጋችን እንደዚያ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰሜን፣ ከመካከለኛው ኬክሮስ የሚነሣ የዝቅተኛ ግፊት ሸለቆ (የአየር ግፊቱ ከግራ ከቀኙ ዝቅ ያለበት ረጅም ቀበቶ) አንዳንዴ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ወደ ደቡብ ይዘረጋል። ያደገው እዚያ ነው፤ እዚህ የሚደርሰው ጫፉ ነው። ጫፉ ግን ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይመጣል፤ ከታች ደግሞ ከዓረብ ባሕር በኩል እርጥበት ይሳባል። ከላይ ቀዘቀዘ፣ ከታች ሞቀና ረጠበ፤ ንብርብሩ ላላ፣ ክዳኑ ተነሣ። ያ የካቲት ላይ መንዝን ያገኘው ይህ ነበር። የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት ጥሩ፣ ሌላ ዓመት ጭራሽ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት እንዲህ በእንግዳ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። አንኮበርም መንዝም በልግ ለሚጠብቅ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የክረምቱ ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ በየቀኑ አለ፤ ፀሐይ ከፍታውን ታሞቀዋለች፤ ደመናው በየከሰዓቱ ይነሣል። ከዚህ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ከእኛ ከፍታዎችና ከሱዳኑ ዳርፉር አካባቢ የሚነሣው ነጎድጓድ፣ አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠውን ነፋስ ያናውጠዋል። ከዚያ ከ2,000 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ፣ በየ3 እና 5 ቀን የሚያልፉ ሞገዶች ያድጋሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ አትላንቲክ ላይ ደርሰው ሄሪኬን፣ ማለትም ኃይለኛ የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ፣ ይሆናሉ። እኔ በሙያዬ ብዙ ዓመት ቆይቼም ይህ ነገር ያስደንቀኛል።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ሲያልፍ ከሩቅ ሆነው የደመናውን አናት ይመልከቱት። እንደ ግራር ጥላ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። በእኛ ኬክሮስ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሙቀቱ መቀነሱን ያቆምና ከዚያ በላይ መጨመር ይጀምራል። ያ ትልቁ ክዳን ነው። የኩበቱን ጭስ ባሕር ዛፉ አናት ላይ ያቆመው ሕግ ነጎድጓዱንም እዚያ ያቆመዋል።

ከተማሪዎችዎ ጋር መሞከር ከፈለጉ ቴርሞሜትር ብቻ ይበቃዎታል። ሦስት ቡድን ያድርጓቸው፤ አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ አንዱ ደብረ ሲና፣ አንዱ ጣርማበር። አንድ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በጥላ ሥር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገው ይለኩ። መሬት አጠገብ ያለ አየር ከነጻው አየር ትንሽ ስለሚለይ ቁጥሩ ግምት ነው የሚሆነው፤ ለትምህርት ግን ይበቃል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር 1,900 ሜትር ነው። ልዩነቱ ወደ 18 ዲግሪ ከተጠጋ አየሩ ከታች እስከ ላይ ተላውሷል ማለት ነው። 12 አካባቢ ከሆነ ለደረቁ የረጋ፣ ለርጥቡ ግን ክፍት ሰማይ ነው፤ ደመናውን ይጠብቁ። ከ8 በታች ከሆነ መንገዱ ለደመናውም የተዘጋ ነው።

ኅዳር ላይ የሚለኩ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንድ ረባዳ ቦታና ከእሱ 50 ሜትር ከፍ ያለ ተዳፋት አወዳድሩ። ረባዳው ቀዝቅዞ፣ ውርጭ ይዞ፣ ተዳፋቱ ያለ ውርጭ ልታገኙት ትችላላችሁ። ባቄላውን ውርጭ የሚመታበት ገበሬ የትኛው እርሻው መጀመሪያ እንደሚመታ ያውቃል፤ ምክንያቱን ደግሞ ልጆቹ ቤት ወስደው ይንገሩት።